ዓይኗን ገለጠች?

ጩማ በሕይወት ሳለ መኪና ሲያስነሳ እንደ ዛሬዎቹ ቁልፉን አንዴ አዙሮ አያስጓራም ነበር። ግማሽ ድረስ ያዞርና እጁን ያነሳል። ከዚያ ወደ ሚስቱ ዞር ሳይል፣ ከዳሞታ ተራራ የሚወርደውን ጭጋግ እያየ፣

"ዓይኗን ገለጠች?" ይላል።

እታፈራሁ ከጎኑ ተቀምጣ ወደ መሪው ዘንበል ትልና፣ "ገለጠች" ትላለች።

ያኔ ቁልፉን ይጨርሰዋል። መኪናዋ ታስላለች፣ ትንዘፈዘፋለች፣ ነፍስ ትዘራለች።

"ጨፈነች?"

"ጨፈነች።"

"እንግዲህ ጌታ ይቅደም" ይልና ፍሬን ይለቃል።

ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ ከሶዶ ገሱባ፣ ከገሱባ ሶዶ ሲመላለሱ አንድም ቀን ይቺን ጥያቄና መልስ ሳይሉ አልወጡም። እታፈራሁ ፊደል አልቆጠረችም። አባቷ "ልጃገረድ ተምራ ለማን ልትጽፍ ነው?" ብሎ አስቀራት፤ እሷም አላለቀሰችለትም። ግን ከዓለም ፊደል ሁሉ አንዷን አሳምራ ታነብ ነበር። ያቺም ከመሪው ጀርባ ያለችው፣ ባቄላ የምታክል ቀይ መብራት ናት። የተማሩት "የዘይት መብራት" ይሏታል፤ ላይዋ ላይ ጠብታ የሚያንጠባጥብ ጀበና የመሰለ ነገር ተስሎባታል። ጩማ ግን ዓይን ነበር የሚላት።

"ስሚ" ብሏት ነበር ያኔ ገና አሮጌዋን ፒክአፕ በገዛ ሰሞን። "ዘይት ለሞተር እንደ ደም ነው። ሞተሩ ተኝቶ ሳለ ደሙ አይሮጥም፤ ስለዚህ ቁልፉን ስነካው ይቺ ዓይን መገለጥ አለባት። ሞተሩ ሲነቃ ዘይቱ በግፊት ሁሉ ቦታ ይደርሳል፤ ያኔ ትጨፍናለች። መንገድ ላይ ከገለጠች ግን አንድ ነገር ጎድሏል። ድልድይ ላይም ብንሆን፣ መጋቢውንም ጭነን ቢሆን እናቆማለን፤ እናጠፋለን።"

"ጠዋት ሳትገለጥ ብትቀርስ?"

ጩማም፣ "ያ ከሁሉ ይከፋል" አላት። "ዘበኛው ሞቷል ማለት ነው። ሌባ ቢመጣ ማን ይነግርሻል?"

ጩማ ከሞተ አራተኛው ጊፋታ፣ የወላይታ ዘመን መለወጫ፣ ደረሰ። መኪናዋን አሁን የሚነዳው ልጁ ኤርካሎ ነው። ኤርካሎ ደግ ልጅ ነው፣ እጁም ለመሪ የተፈጠረ ነው፤ ግን አፉ ከእጁ ይቀድማል።

የጊፋታ ዋዜማ ቅዳሜ ጎህ ሲቀድ እናትና ልጅ ከሶዶ ሊወጡ መኪናው ውስጥ ገቡ። የእታፈራሁ ታላቅ እህት ቦሼ በዱቦ ሆስፒታል ሦስት ሳምንት ተኝታ ነበር፤ ልቧን አሟት። ዛሬ ወጥታ ከገሱባ ወዲያ ካለው ቤቷ መግባት አለባት። ጊፋታን ከቤቱ ውጭ የዋለ ዓመቱን ሙሉ ከቤቱ ውጭ ይውላል፤ ቦሼ እንዲህ ብላ ነርሶቹን አስጨንቃለች። ወደ ቤቷ የሚያስገባው መንገድ ደግሞ ክረምቱ ቦርቡሮታል። ባጃጅ አይደፍረውም፤ ሞተር ሳይክል ላይ የልብ በሽተኛ አይጫንም። ያለችው ይቺው አሮጊት መኪና ናት።

ኤርካሎ ቁልፉን አንዴ አዞረና አስነሳው።

"ዓይኗን ገለጠች?" አለች እታፈራሁ፣ ጠያቂ ሲጠፋ ራሷ።

"ገለጠች፣ እማዬ።"

"የት ገለጠች? እኔ አላየሁም።"

"ሞራሽ ነው።"

እውነት ነው፣ ግራ ዓይኗ ላይ ሞራ ወጥቶባታል። ግን እንዲህ በጠዋት ሰው ፊት ላይ ይወረወራል?

"ሞራው ግራዬ ላይ ነው" አለች። "ቀኙ ያንተን ውሸት ሳይቀር ያያል።"

ኤርካሎ ሳቀ፤ ወደ እሷ ግን አልዞረም። "ደግሞ ባትበራስ? የምትበራው እኮ ሲበላሽ ነው። አለመብራቷ ጥሩ አይደለም እንዴ?"

"አባትህ እንዲህ ነው ያስተማረህ?"

"አባቴ ሞቷል እማዬ። የምነዳው እኔ ነኝ።"

እታፈራሁ አፏን ዘጋች። የእሷ አፍ መዘጋት በበጋ በረዶ እንደ መዝነም ነው፤ የሚያውቃት ሰው ይደነግጥ ነበር። ኤርካሎ ግን ማርሽ አስገባና ወጣ።

በዱቦ መንገድ ጭጋጉ ወተት ሆኖ ተኝቷል። የእንሰት ቅጠሎች ከውስጡ ብቅ እያሉ እጅ ይነሳሉ፣ መልሰው ይሰወራሉ። እታፈራሁ ግራ ዓይኗን ጨፍና በቀኙ ታያለች፤ ቀኙን ጨፍና በግራው ታያለች። በግራው ስታይ ልጇ የለም፣ መንገዱ የለም፤ ነጭ ብቻ ነው። በቀኙ ስታይ ደግሞ ጭጋጉ ያው ነጭ ነው። የቱ ሞራ፣ የቱ ጭጋግ እንደሆነ ጠፋባት። በሕይወቷ ሰውን እንጂ ራሷን ተጠራጥራ አታውቅም። ዛሬ እንደ ባዕድ ቤት ገብታ በሩን በዳሰሳ የምትፈልግ መሰላት። "አርጅቼ ይሆን?" አለች በልቧ። "ገልጣ ነበር ይሆን? እኔ ነኝ ያላየሁት?"

ዱቦ ሲደርሱ ቦሼ ደጃፉ ላይ ቆማ አገኟት፤ የመድኃኒት ፌስታሏን እንደ ዶሮ ብብቷ ሥር ይዛለች። የሚገፋ ወንበር ቢያመጡላት "ወንበር ላይ የሚገፋ ሹመኛ ነው" ብላ መልሳዋለች። ጋቢና ውስጥ በእናትና በልጅ መሃል አስገቧት። ቀለል ብላለች፤ ትከሻዋ የወፍ ሆኗል።

ኤርካሎ ቁልፉን ሲይዝ እታፈራሁ፣ "ቆይ። ግማሽ አዙር" አለች። አዞረ። "ቦሼ፣ እዚያ ከመሪው ጀርባ ቀይ ነገር ይታይሻል?"

ቦሼ አንገቷን አስግጋ አየች። "ምን ቀይ? ጥቁር ነው።"

ኤርካሎ ቶሎ ብሎ ሞተሩን አስነሳና፣ "አክስቴ ደክሟታል፤ ስንት መድኃኒት ውጣለች" አለ።

"የታመመው ልቤ ነው፤ ዓይኔን ምን አድርጎ?" አለች ቦሼ።

በእታፈራሁ ደረት ውስጥ አንድ ነገር ቀና አለ። ሞራው አይደለም! ግን ደስታዋ ወዲያው ቀዘቀዘ፤ ሞራው ካልሆነ ዘበኛው ሞቷል ማለት ነው። "ሶዶ ስንደርስ ሚናስ ጋ እንቁም" አለች።

ሚናስ ጋራዥ ያለው ሜካኒክ ነው። ወላጆቹ ከጉራጌ አገር መጥተው ሶዶ የሰፈሩ ናቸው፤ እሱ ሶዶ ተወልዶ ወላይትኛውን ከባለቤቶቹ አሳምሮ ይናገራል። ሶዶ ሲደርሱ የጋራዡ በር ተዘግቷል።

"ለመስቀል ከእናቱ ጋር ጉራጌ አገር ሊገባ ነው" አለ ኤርካሎ፤ ፊቱ ላይ እፎይታ ታየ። "በቃ እንሂድ።"

"ይጠራ።"

ያኔ ቦሼ የእህቷን ጉልበት ያዘች። "እቴ" አለቻት በዝግታ፣ "ሦስት ሳምንት ነጭ ግድግዳ አየሁ። ለአንድ መብራት ብለሽ ሌላ ቀን አትጨምሪብኝ። ምድጃዬ ቀዝቅዟል።"

እታፈራሁ የእህቷን እጅ አየች፤ ሥሮቹ ላይ የመርፌው ጥቁር ምልክት አለ። ማንም ቢለምናት እምቢ ማለት ታውቃለች፤ ለቦሼ ግን አታውቅበትም። "እሺ" አለች። ያቺ እሺ እስከ ዛሬ ትቆረቁራታለች።

ከሶዶ ወጥተው ወደ ገሱባ አቅጣጫ ሲይዙ ጭጋጉ ተገፈፈ። ፀሐይዋ በመስታወቱ ገብታ ጭናቸው ላይ ተኛች። ሰው ሁሉ ወደ ቤቱ ይገባል፤ በእንሰት ቅጠል የተጠቀለለ ሥጋ የያዘ፣ በሬ የሚነዳ፣ ከሩቅ አገር የመጣ ልጁን ያስከተለ። ቦሼ ራሷን እህቷ ትከሻ ላይ ጣል አደረገች፤ እታፈራሁም የእሷን በቦሼ ላይ። መኪናዋ እንደ ሕፃን አልጋ ትወዘውዛቸዋለች።

ጩማ ከፊት ለፊታቸው መጣ።

ነጭ ጋቢውን ለብሶ ወደ ኋላው ይሄዳል፣ ፊቱ ወደ እነሱ ነው። ሁለት መዳፎቹን የበሬ ግንባር እንደሚያባብል ሰው ኮፈኑ ላይ አሳርፏል። እግሩ መንገዱን አይነካም፤ አይቸኩልም፤ መኪናውም አይደርስበትም። እንሰቱ በግራና በቀኝ ዝም ብሎ ያልፋል። አላረጀም፣ ጢሙም አልሸበተም።

"ጨፈነች?" አላት።

እታፈራሁ ልትመልስ አፏን ከፈተች፤ ቃሉ ግን የለም። ሳትገልጥ እንዴት ትጨፍናለች?

"ጨፈነች ወይ?"

"አልገለጠችም እኮ!" ለማለት ትታገላለች፣ ድምፅ አይወጣም።

ጩማ አዘነ። "ታዲያ ምን አምነሽ ነው የተሳፈርሽው?" አለና በጣቱ ቀለበት ኮፈኑን መታ መታ ማድረግ ጀመረ። ጠቅ፣ ጠቅ፣ ጠቅ።

ነቃች። ጩማ የለም፣ ጋቢው የለም። ጠቅ ጠቁ ግን አለ። ከመኪናዋ ሆድ ይወጣል፤ ደረቅ ቦሎቄ ወንፊት ላይ እንደሚንከባለል ያለ ድምፅ ነው።

"አቁም" አለች።

"እማዬ፣ ዳገት ላይ ነን።"

"አቁም አልኩህ!"

"ገሱባ ደረስን እኮ! ሃያ ደቂቃ ቢቀረን ነው፣ እዚያ ቀዝቀዝ አድርገን..."

እታፈራሁ በሩን ከፈተችው፤ መኪናው እየሄደ። ኤርካሎ ጮኾ ፍሬኑን ረገጠ። መኪናዋ ቆመች፤ ሞተሩ ግን እየተንኳኳ ይዞራል።

"አጥፋው!"

"ካጠፋሁት ላይነሳ ይችላል!"

"ሳታጠፋው ከሞተስ ከመቃብር ይነሳልሃል?" አለችና በቦሼ ደረት ላይ ተሻግራ፣ በገዛ እጇ ቁልፉን መለሰችው።

ጸጥታው እንደ ውኃ ሞላ። መጀመሪያ የቦሼ ትንፋሽ ተሰማ፣ ቀጥሎ ነፋሱ፣ ቀጥሎ ሩቅ የሆነ የልጆች ዘፈን።

"ደረስን?" አለች ቦሼ ዓይኗን ሳትገልጥ።

"አልደረስንም። ተኚ።"

ኤርካሎ ኮፈኑን ከፈተ። የዘይት መለኪያውን ዘንግ መዘዘ፣ በጨርቅ ጠረገ፣ መልሶ አስገባና አወጣው። ጫፉ ላይ የጉንዳን እግር የምታክል ጥቁር እርጥበት ብቻ አለች። ሆዱን መሬት አስይዞ ከሥር ሲያይ ከሞተሩ ጎን ዘይት ጠብ ጠብ ይላል። እታፈራሁ ወደ መጡበት ዞር አለች፤ አቧራው ላይ ጥቁር ነጠብጣብ አንዱ አንዱን ተከትሎ እስከ መታጠፊያው ድረስ ወርዷል። የመኪናዋ ደም መንገድ ላይ ሲፈስ የነገራቸው የለም።

ኤርካሎ መንገዱ ዳር ቁጢጥ አለ።

"እማዬ።"

"እሰማለሁ።"

"የመብራቷን ሽቦ ያስቆረጥኩት እኔ ነኝ።"

ተጠግታ ፊት ለፊቱ ቆመች። እሷ እንዲህ ስትቆም ሰው ይናገራል።

"ከክረምት ወዲህ ሞተሩ ሞቅ ሲል፣ ቀስ ስል ብልጭ ትል ጀመር። የገበያ ቀን አንዷ ሴትዮ አየችና 'ይቺ መኪና ልትፈነዳ ነው!' ብላ ሕዝቡን ሁሉ አስወረደችብኝ። ሳቁብኝ። ላንቺ ብነግርሽ ደግሞ የአባትህን መኪና ገደልክ ትይኛለሽ ብዬ ፈራሁ። ማክሰኞ ሚናስ ዘይትና የዘይት ማጣሪያውን ፊልትሮ ሲቀይር፣ ይቺን ነገር ገላግለኝ አልኩት።"

"ስለዚህ ዓይኗን አወጣህ።"

አቀረቀረ።

"በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም። ይሄ ይሁን፤ የመኪናውን እምርሃለሁ" አለች እታፈራሁ። "ግን የኔንም ልታወጣ ነበር። ሞራሽ ነው አልከኝ! ከጠዋት ጀምሮ በገዛ ዓይኔ እንደ ሌባ ስጠራጠር ዋልኩ። ለዚህኛው ገና እንነጋገራለን። አሁን ያንን ስልክህን አውጣና ሚናስን ጥራው። ዘይት ይዞ ይምጣ በለው። መስቀልን ከእናቱ ጋር መብላት ከፈለገ መጀመሪያ እዚህ ይምጣ።"

ቦሼን አውርደው ከመንገዱ ዳር ካለ የአቮካዶ ዛፍ ሥር አስቀመጧት። የዘይት መብራት ነገር ለእሷ ከሩቅ እንደሚሰማ ወሬ ነው። ፀሐዩ በቅጠሉ መሃል እየተንጠባጠበ ፊቷ ላይ ይጫወታል። አላፊ አግዳሚው "ሳሮ" ብሎ ሰላም ይላል፤ ሁለቱም "ሳሮ" ይላሉ። ጊዜው ከመንገዱ ጋር ቆሟል።

"ከዚህ ቤቴ ይታያል?" አለች ቦሼ።

"የት ይታያል! ሁለት ኮረብታ አለ መሃል።"

"እኔ ይታየኛል። እንሰቶቼ በሩ ላይ ቆመው ይጠብቁኛል። ከእንሰት ሙቹዋዬን ሠርተው በቅቤ ለውሰውታል፤ ሽታው መጣ።"

"ያ የሚሸትሽ የኤርካሎ የተቃጠለ ዘይት ነው።"

ቦሼ ሳቀች፤ ሳቋ ወደ ሳል ተለወጠ፣ ሳሉ ወደ ዝምታ። እታፈራሁ እጇን ይዛ ትርታዋን አዳመጠች። ቀስ እያለ፣ አንዳንዴ እየሳተ ይመታል። ይቺ ልብ ይቺን ዳገት በእግር አትወጣም። ሞተሩ ነክሶ ላይነሳ ከሆነ፣ እህቷ ጊፋታን ሜዳ ላይ ልትውል ነው።

"ጩማን አየሁት" አለች።

"ምን አለሽ?"

"ተሳደበ።"

"እሱ መቼ ይሳደባል? የተሳደብሽው አንቺ ነሽ" አለች ቦሼና እንቅልፍ ወሰዳት።

ሚናስ በኪራይ ሞተር ሳይክል ኋላ ተቀምጦ፣ የዘይት ጀሪካን አቅፎ ደረሰ። የበዓል ሸሚዙን እንደለበሰ ነው። ምንም ሳይናገር ከመኪናው ሥር ገባ። ሲወጣ ሸሚዙም የለ፣ በዓሉም የለ። በጣቶቹ መሃል ቀጭን የጎማ ቀለበት ይዟል።

"እትዬ፣ ጥፋቱ የእኔ ነው" አለ። "የድሮው ፊልትሮ ጎማ ተጣብቆ ቀርቶ ኖሮ አዲሱን ደረብኩበት። ሁለት ጎማ ተደራርቦ አይይዝም፣ በመሃሉ ዘይት ያሾልካል። ቸኩዬ ነው።"

"ሽቦውስ? እሱንም ቸኩለህ ነው የቆረጥከው?"

"ልጅዎ ቁረጥልኝ ስላለኝ..."

"ልጄ አፍንጫህን ቁረጥ ቢልህ ትቆርጣለህ? ወላጆችህ በእጃቸው ሥራ ሶዶን ያቆሙ ሰዎች ናቸው። ለመስቀል እናትህ ምን ሠራህ ብትልህ፣ ለመበለት የታወረች መኪና ሰጠሁ ልትላት ነበር?"

ሚናስ ላቡን ጠረገ። "አይደገምም፣ እትዬ።"

"እንዳይደገም አሁን ቀጥላት!"

ጎማውን አነሳ፣ ፊልትሮውን አጠበቀ፣ ሽቦዋን ቀጠለ። ዘይቱን ቀስ ብሎ አፈሰሰው፤ ማር መስሎ ገባ። ከዚያ ኤርካሎን ወደ መሪው ላከው። ቦሼንም ቀስቅሰው መሃል አስቀመጧት።

"ሞተሩ ተጎድቶ ከሆነ አሁን ይታወቃል" አለ ሚናስ።

ኤርካሎ ቁልፉን ግማሽ አዞረና እጁን አነሳ። ወደ እናቱ ሳያይ፣ ፊት ለፊት ኮረብታውን እያየ፣

"ዓይኗን ገለጠች?" አለ።

ድምፁ የአባቱን ድምፅ ሊሆን ምንም አልቀረው። እታፈራሁ ግራ ዓይኗን ጨፈነች። ያቺ ባቄላ ከመሪው ጀርባ ቀልታለች፤ ከአራት ቀን ጨለማ የወጣች፣ ንጹሕ።

"ገለጠች።"

ቁልፉን ጨረሰው። ሞተሩ አጓራ፣ ተንገራገጨ፣ ተነሳ። ቀይዋ መብራት ግን አልጠፋችም። አንድ ትንፋሽ፣ ሁለት ትንፋሽ። ጠቅ፣ ጠቅ፣ ጠቅ። ዘይቱ በባዶው የደም ሥር መንገዱን ይፈልጋል። ሚናስ ከውጭ እጁን አፉ ላይ ጫነ። ቦሼ የእህቷን ክንድ ጨመደደች።

ጠቅ ጠቁ ራቀ፣ ሳሳ፣ ጠፋ።

"ጨፈነች!" አለች ቦሼ፣ ከሁሉም ቀድማ።

ሚናስ በመስኮቱ ጎንበስ አለ። "እትዬ፣ ለዛሬ ታደርሳችኋለች። ግን ሞቅ ሲላት ብልጭ ትል የነበረው ያለ ነገር አይደለም፤ ሞተሩ አርጅቷል፣ ተከፍቶ መታየት አለበት። መንገድ ላይ ከገለጠች እንደ ዛሬው ወዲያው ማጥፋት ነው።"

"ከበዓል በኋላ ሁለታችንም እንታከማለን" አለች እታፈራሁ፤ "እሷ ያንተ ጋራዥ፣ እኔ ዓይን ሐኪም ዘንድ። አሁን ሂድ፣ እናትህን አታስጠብቅ። ሸሚዙንም እጠበው።"

ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል የቦሼ ቤት ደረሱ። እንሰቶቹ እውነትም በሩ ላይ ቆመዋል። ጎረቤቶቿ ምድጃውን አንድደው ጢሱ በሣሩ ክዳን ይወጣል። ቦሼ ሰው ሊያቅፋት ሲመጣ ገፍታ፣ ቀኝ እግሯን አስቀድማ፣ በገዛ እግሯ ደጃፏን ተሻገረች።

በማግስቱ፣ በጊፋታ ጠዋት፣ ሁለቱ እህቶች አንድ መደብ ላይ ተኝተው ሳለ የመኪና በር ሲዘጋ ሰሙ። ኤርካሎ ነው፤ እዚያው ጎረቤት መንደር የሚያደርሳቸው እንግዶች አሉት። ከዚያ ዝም ሆነ። ከዝምታው ውስጥ፣

"ዓይኗን ገለጠች?" የሚል ድምፅ መጣ።

ቦሼ እህቷን በክርኗ ጎሸመቻት። "መልሺለት እንጂ።"

እታፈራሁ ጋቢዋን እስከ አገጯ ሳበችና በግድግዳው አሻግራ ጮኸች፤ "ዓይን የለህም እንዴ? ራስህ እይ!"

ጭጋጉ በበሩ ስንጥቅ እየገባ ወለሉ ላይ ይራመዳል። ቦሼ ራሷን ከትራሱ አቃንታ ታዳምጣለች።

"ገለጠች..." አለ ኤርካሎ ቀስ ብሎ፣ ለራሱ።

መኪናዋ አሳለች፣ ተንዘፈዘፈች፣ ነፍስ ዘራች። እታፈራሁ ሁለቱንም ዓይኖቿን ጨፍና ጠበቀች።

"ጨፈነች!" ብሎ ጮኸ ልጇ።

"እንግዲህ ጌታ ይቅደም" አለች ወደ ግድግዳው፣ ዞር ብላም ቦሼን፣ "አሁን ሙቹዋሽን አምጪ፤ ትናንት ሲሸትሽ የዋለው እውነት መሆኑን ልየው" አለቻት።